በሐምሌ ሐሩር ወደ ዮሰሚቲ፦ ስለ ገደል፣ ስለ ውሃና ስለ ነገው ጉዟችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ሁለተኛ ምሽት፣ ማሪፖዛ፣ ካሊፎርኒያ የተደረገ ንግግር)



መድረክ መሪው የሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነው። መምህራን በበዙበት አዳራሽ ሃያ ደቂቃ ለመግቢያም እንደማይበቃ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ። በፕሮግራሙ ላይ ርዕሴ «ተራራና ጤና» ተብሎ ተጽፏል። ደህና ርዕስ ነው። ግን ከትናንት ጀምሮ በየጠረጴዛው የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ነገ ወደ ዮሰሚቲ እንሂድ ወይስ እንቅር? የኮሚቴው ግማሽ ይቅር ብሏል፤ ግማሹ እንሂድ ብሏል። እኔ እንሂድ ከሚሉት ወገን ነኝ። አካሄዳችን ግን እንደ ባለፈው ዓመት መሆን የለበትም።

ባለፈው ዓመት ላልነበራችሁ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ወንድማችን፣ አሁን እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል፣ «ተናገሪ፣ ስሜን ግን አትጥሪ» ብሎ ፈቅዶልኛል፤ ወደ ቨርናል ፏፏቴ በሚወስደው ዳገት ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ፀሐይ መታው። መጀመሪያ ወሬ አቆመ። እሱን የምታውቁ ወሬ ማቆሙ ብቻ ትልቅ ምልክት መሆኑ ይገባችኋል። ቀጥሎ እግሩ ይወላገድ ጀመር። ድንጋይ ላይ አስቀምጠነው ውሃ ልንሰጠው ስንል ቀና ብሎ አየኝና «ፈተናው ተጀመረ እንዴ? ስድስት ኪሎ ሳልደርስ በሩን ሊዘጉብኝ ነው» አለኝ። ከኋላችን የነበረ አንድ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም። ቆዳው እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ነርስ የሆነች እህታችን ወዲያው ጫማውንና ሸሚዙን አስወለቀችው፣ ነጠላዋን ውሃ ውስጥ ነክራ አለበሰችው፣ እኛ ደግሞ በኮዳ ከወንዙ እየቀዳን፣ እየተቀባበልን፣ ራሱና ብብቱ ላይ አፈሰስን። የፓርኩ ሬንጀሮች መጥተው በቃሬዛ አወረዱት። ሁለት ሌሊት ሐኪም ቤት አድሮ ወጣ። ይኸው ዛሬ ጥብሱን ከኔ ቀድሞ አንስቷል።

«ከዚያ በኋላ ምን ያስኬደናል?» የሚሉ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። መልሴን ግን ከመሬቱ ልጀምር፤ የተማርኩት አራት ኪሎ፣ ጂኦሎጂ ነውና።

ለኛ ሐምሌ ማለት ጃንጥላ፣ ጭቃና ትኩስ በቆሎ ነው። «ክረምት» ሲባል ብርድ ይሰማናል። እዚህ ደግሞ ሐምሌ ጠብታ ዝናብ የማይታይበት፣ ሣሩ ሁሉ የደረቀበት ወር ነው። ሰላሳ ዓመት ኖረንበትም ሰውነታችን እንጂ ቃላችን አልለመደውም፤ ልጆቻችን «ሰመር» ሲሉ እኛ «ክረምት» ብለን እንተረጉምና የዝናብ ልብስ እናስይዛቸዋለን። ስለዚህ ካሌንደሩን ትተን በሌላ እናስበው። አያቶቻችን የሚያውቁት መለኪያ አለ፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ። የዮሰሚቲ ሸለቆ ወለሉ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ በሉት። ቆላ ነው! በሐምሌ የቀኑ ሙቀት በአማካይ ወደ 32 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከ38 የሚያልፍባቸውም ቀናት አሉ። በሁለቱም ወገን ገደል የቆመበት፣ ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ስፋቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እምብዛም የማያልፍ ጎድጓዳ ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ይተፋል።

ከዚያው ፓርክ ሳትወጡ፣ በታዮጋ መንገድ ሽቅብ ብትነዱ ቱዎለሚ ሜዶስ የሚባል መስክ ትደርሳላችሁ። ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ብሎ ከእንጦጦ ጫፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ 1,400 ሜትር ነው፤ አስሉት። ወደ 9 ዲግሪ ይመጣል። ሸለቆው ውስጥ ሰው ሲንቃቃ እዚያ ላይ ሹራብ ይደረባል። ገደል የሚወጡት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ብዙዎቹ ሸለቆውን ትተው ወደ ቱዎለሚ ይሄዳሉ። ከብቱን በበጋ ቆላ፣ በክረምት ደጋ የሚነዳ እረኛ ቢያያቸው ምንም አይገርመውም።

ከኔ ጋር ጂኦሎጂ የተማራችሁ የአባይን በረሃ ታስታውሳላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ላይ ጃኬት ለብሰን እንነሳለን፤ ባዛልቱን አልፈን፣ አሸዋ ድንጋዩን አልፈን፣ ኖራ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ጃኬቱ ወገብ ላይ ታስሯል፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሸሚዙም ከብዷል። ከታች ወደ ላይ የሚመጡ ነጋዴዎች ግን ጎሕ ሳይቀድ ዳገቱን ጨርሰው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩን ነበር። ቀትር ላይ የምንወጣው እኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ፣ ብቻ ነበርን። አህዮቹ እንኳ ቆመው ነው ያሳለፉን።

አሁን ስለ ድንጋዩ። የሰሜን ተራሮች 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ፣ እንደ እንጀራ የተደራረበ ባዛልት ነው። የዮሰሚቲው ሌላ ነው። ኤል ካፒታን የተባለው ግንብ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው፣ መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ የረጋ ግራናይት ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ 900 ሜትር ያህል ነው። ላዩ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ሽንኩርት እንደሚላጥ እየተላጠ ነው የሚኖረው። ሁልጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ድንጋይ የሚናደው መቼ ነው የሚል ነው። ዝናብ ሲዘንብ፣ ውሃ በረዶ ሆኖ ስንጥቁን ሲገፋ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ፤ ይህ ይታወቃል። ጠራ ባለ፣ ትኩስ በሆነ ከሰዓት በኋላ የሚናደውስ? የአሜሪካ የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤትና የፓርኩ ጂኦሎጂስቶች ከአንድ ገደል ላይ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ቁመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የግራናይት ልጣጭ መርጠው መለኪያ ተከሉበት። ውጤቱ በ2016 ታተመ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። ልጣጩ ቀን ሲሞቅ ከገደሉ እየራቀ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እየተመለሰ፣ በአንድ ቀን እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ድንጋይ ይተነፍሳል ብል ግጥም መስሏችሁ እንዳትንቁት። ይህ በየቀኑ፣ በየዓመቱ ሲደጋገም ስንጥቁ ይረዝማል፤ አንድ ቀን ይለቃል። ስለዚህ ነገ ማንም ሰው ገደል ሥር፣ አዲስ የተሰበረ ነጭ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ላይ ምንጣፍ እንዳያነጥፍ። ጥላው ያማልላል፤ አውቃለሁ።

ይህን ግድግዳ ሰዎች በእጃቸው ይወጡታል። ስለ እነሱ ብዙ ማውራት እወዳለሁ፤ ሰዓቱ ስለሚገድበኝ አንድ ታሪክ ልምረጥ፣ ስለ ሙቀት ስለሆነ።

ጆን ሳላቴ ስዊዘርላንድ በ1899 የተወለደ፣ እዚህ ካሊፎርኒያ ብረት እየቀጠቀጠ የሚኖር ሰው ነበር። ሥጋ አይበላም፤ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ በሉት። ገደል መውጣት የጀመረው አርባ አምስት ዓመቱን ደፍኖ ነው። በዚያ ዘመን ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ የሚመቱት ችንካሮች ለስላሳ ብረት ስለነበሩ ግራናይቱ ላይ ይጣመሙ ነበር። ሳላቴ ጠንካራ ችንካር ራሱ ቀጠቀጠ፤ ብረቱን ያገኘው ከአሮጌ ፎርድ መኪና አክስል ነው ይባላል። በ1950፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ፣ አለን ስቴክ ከሚባል ወጣት ጋር ሆኖ የሴንቲኔል ሮክን ሰሜናዊ ገጽ ወጣ። ከ400 ሜትር በላይ የቆመ ግድግዳ ነው። አራት ቀን ተኩል ፈጀባቸው። ገጹ ወደ ሰሜን የዞረ ቢሆንም ሙቀቱ አልማራቸውም። የያዙት ውሃ ጥቂት ነበር፤ በጉንጭ እየለኩ ነው የጠጡት። ከበታቻቸው የመርሴድ ወንዝ እያብረቀረቀ ይፈሳል። ውሃ እያዩ መጠማት! ሳላቴ ያኔ 51 ዓመቱ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ «አረጀን» የምትሉ ስንት ናችሁ?

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ገደል ወጪዎች ይህን ታሪክ የሚያወሩት እንደ ጀብዱ ነው፤ ጽናቱን እኔም አከብራለሁ፣ ጥሙን ግን አላከብርም። ጥም መቻል በልምምድ አይገኝም፤ ሰውነት ላቡን ካጣ ማቀዝቀዣውን አጣ ማለት ነው። የዛሬዎቹ ይህን ተምረዋል። ኤል ካፒታንን በተለመደው መንገድ የሚወጡ ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት ቀን ገደሉ ላይ ያድራሉ፤ በሙቀት ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውሃ ይይዛሉ። ለሁለት ሰው ለአራት ቀን 32 ሊትር ነው። ሊትሩ አንድ ኪሎ። አንድ የጤፍ ኩንታል ሲሶ የሚሆን ሸክም በገመድ እየጎተቱ ነው የሚወጡት፤ እንጀራ ሳይሆን ውሃ ብቻ! አሌክስ ሆኖልድ ያለ ገመድ የወጣው ልጅ ነው፤ በ2017፣ ሰኔ 3 ቀን፣ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ። ፊልሙን ልጆቻችሁ አይተውታል። ልብ በሉ፣ የተነሳው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ድንጋዩ ሲሞቅ የጫማው ሶል ይንሸራተታል፣ እጅ ያልባል፤ ለዚህ ነው ወገባቸው ላይ የጠመኔ ዱቄት ከረጢት የሚያንጠለጥሉት። እኛ ጠመኔ ስንበላ የኖርን መምህራን በዚህ እንኳ አናንስም።

«ገደል መውጣት የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ሲባል እሰማለሁ። ደብረ ዳሞን ረስታችሁ ነው? አሥራ አምስት ሜትር ያህል ግድግዳ፣ በጠፍር ገመድ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲወጣ የኖረ። እኔ ሴት በመሆኔ ሥሩ ቆሜ ገመዱን አይቼ ተመልሻለሁ። ለዚህ ይሆናል የሊን ሂልን ስም ስጠራ ድምፄ ከፍ የሚለው። «ኖዝ» የሚባለው የኤል ካፒታን መንገድ በ1958 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ሦስት ወንዶች፣ ዋረን ሃርዲንግ፣ ዌይን ሜሪና ጆርጅ ዊትሞር፣ እየወጡ እየወረዱ በድምሩ ከአርባ ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ ገመድና ችንካር እየተንጠላጠሉ። ያንኑ መንገድ ገመዱን ለመውደቂያ ጥንቃቄ ብቻ ይዞ፣ በእጅና በእግር ብቻ ለመውጣት የመጀመሪያው ሰው ማን ሆነ? ሊን ሂል፣ በ1993። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ደገመችው። ሴት ልጆቻችሁን ነገ ኤል ካፒታን ሥር ስታሳልፏቸው ይህን ንገሯቸው።

ሌላም የምትነግሯቸው አለ። የሸለቆው የቀድሞ ስም አዋኒ ነው፤ ነዋሪዎቹን በ1851 ያባረራቸው ጦር ስሙን የወሰደው ከዚህ ካደርንበት ከማሪፖዛ ነው። ነገ የምናርፍበት የቴናያ ሐይቅ የተሰየመው በአለቃቸው ስም ነው። ፓርኩን መጀመሪያ ከጠበቁት ወታደሮች መካከል ደግሞ በ1899፣ በ1903ና በ1904 የዘመቱት ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ «እማዬ፣ እዚህ እኛን የሚመስል ሰው የለም» ብላኝ ነበር። እሷ ያላየቻቸው ከመቶ ዓመት በፊት በፈረስ አልፈዋል።

ወደ ሰውነታችን ልመለስ፤ ሐኪሞቻችን የተናገርኩትን ያርሙኛል። በሙቀት መድከምና በፀሐይ መመታት አንድ አይደሉም። የደከመ ሰው ያልበዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ፣ ጨው ያለበት ነገር ጠጥቶ ይነሳል። የተመታ ሰው የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ አእምሮው ይስታል። ስድስት ኪሎ ነኝ ያለ ሰው ውሃ አጠጡኝ አይልም፤ ራሱን የሳተን ሰው ደግሞ አፉ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ፣ ይታነቃል። ላዩ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡ፣ ወደ 911 ደውሉ። እስኪመጡ ማቀዝቀዙን አታቁሙ።

ባለፈው ዓመት የተመታው ወንድማችን ውሃ አልጠጣም እንዳትሉ። ጠጥቷል። የሚወስደው የደም ግፊት ክኒን ግን ውሃና ጨው በሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ስንቱ ያንን ክኒን ይወስዳል? እጅ አላስወጣም። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከሐኪሞቻችን አንዱን ጥግ ይዛችሁ ጠይቁ፤ በራሳችሁ ፈቃድ ክኒኑን አታቋርጡ። ደግሞ «ውሃ ብዙ ጠጣ» ሲባል ያለ ምግብና ያለ ጨው አምስት ሊትር የሚገለብጥ አለ፤ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና እሱም ይወድቃል። መድኃኒቱ ሱቅ ፍለጋ አያስኬድም። በሶ ይዘናል፤ ጨው ጣል አድርጋችሁ በጥብጡት። ቆሎ ይዘናል፣ ዳቦ ቆሎ ይዘናል። አንዲት እህታችን ጭኮ ይዛ መጥታለች፤ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ሌሊቱን ሰላም እንድታድር።

ወንዙንም እፈራለሁ። መርሴድ ከበረዶ የቀለጠ ውሃ ነው፤ አየሩ ሲያቃጥል ውሃው ያደነዝዛል፣ ከላይ የረጋ መስሎ ሥሩ ይጎትታል። በ2011 ሐምሌ ሦስት ሰዎች ከቨርናል ፏፏቴ አናት ላይ ተወስደው ሞተዋል። ከፏፏቴ በላይ ባለ ውሃ ውስጥ እግር መንከር የለም። ልጅም ይሁን ሽማግሌ።

ድቦቹን በተመለከተ ባጭሩ፦ ዶሮ ወጥ መኪና ውስጥ አይታደርም። የብረት ሳጥኖቹ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፤ ኮሚቴው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተቀብሎታል። ሸለቆው ውስጥ ቀትር ላይ አንራመድም። ሃፍ ዶምን የሚያስብ ካለ ይተወው፤ ፈቃድ የሚያገኙት ዕጣ የወጣላቸው ናቸው፣ ደርሶ መልሱም ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የምንሄደው ወደ ደጋው፣ ወደ ቱዎለሚ ነው። መራመድ የሚፈልግ ሌምበርት ዶም የሚባለውን መላጣ ጉብታ ከጀርባው በኩል ይወጣዋል፤ ከፍታው ከመንገዱ 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀስ ብለን። አዲስ አበባ ብንወለድም ሳንባችን ኦክላንድንና ሎስ አንጀለስን ለምዷል፤ ማንም ለማንም ጉልበቱን አያሳይ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሁላችንም ወርደን እንገኛለን፤ ከቀትር በኋላ ደመና ከተሰበሰበ መብረቅ የሚመርጠው ያንን መላጣ ድንጋይ ነው። መራመድ የማይሻ ቴናያ ሐይቅ ዳር ምንጣፍ ዘርግቶ ቡናውን ያፈላል፤ በጋዝ ምድጃ እንጂ በከሰል አይደለም፣ የእሳት ነገር በዚህ ወር ቀልድ አያውቅም። ሸለቆውን በመመለሻችን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ኤል ካፒታን ሥር ባለው መስክ ላይ ቆመን እናየዋለን። ሲመሽ ግድግዳው ላይ የሚያድሩት ሰዎች መብራት እንደ ኮከብ ይታያል። ለዚያ ሲባል መነጽር የሚያስብል ዓይን ያላችሁ መነጽራችሁን አትርሱ።

ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው፤ ጥንዶቹን እኔ መድቤያለሁ፣ ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጥፏል። ባልና ሚስት አብራችሁ አልመደብኳችሁም፤ ባል ሚስቱ «ደክሞሃል» ስትለው እንደማይሰማ ከልምድ ይታወቃል። ጥንዳችሁ ወሬ ሲያቆም ጠይቁት፦ ዛሬ ቀኑ ማን ነው? የት ነን? መልሱን ከተሳሳተ እየሮጣችሁ ወደ ነርሷ እህታችን ኑ። ስልክ በየቦታው አይሠራም፤ ስለዚህ መኪና ማቆሚያው ጋ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ተራ ያ ያልጠራሁት ወንድማችን ራሱ ወስዷል፤ ጃንጥላና መጽሐፍ ይዣለሁ ብሏል።

መኪኖቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ሆቴል በር ይነሳሉ። ለልጆቹ ፎር ሰርቲ ማለቴ ነው። በሐበሻ ቀጠሮ 12 ሰዓት ላይ ለሚመጣ ሰው ቁርስ እዚህ ሆቴል ውስጥ አለ፤ ማታ ስንመለስ እናገኘዋለን። ኮዳችሁን ዛሬ ማታ ሙሉ።